የእትዬ ዘነበች ረድፍ

ቅዳሜ፣ ጥር 2

የአልጋ ልብሱ ሦስተኛ ረድፍ ተገልብጦ መጣ። ስድስቱም ቁራጭ። የአበባማው ፖፕሊን ፊት ወደ ውስጥ ገብቶ፣ የደበዘዘው ጀርባው ወደ ላይ ወጥቷል። የሰፉት እትዬ ዘነበች ናቸው።

አማረች ብትሆን፣ ወይም እኔ፣ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ማርታ «አንቺ፣ ተኝተሽ ነው እንዴ የሰፋሽው?» ትላለች፤ ተርትረን እናስተካክላለን፤ አለቀ። እትዬ ዘነበችን ግን ማን ደፍሮ ይናገራል? ማርታን በልጅነቷ ትምህርት ቤት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ባለፉበት ሁሉ ሰው ከወንበሩ እየተነሳ ነው ሰላም የሚላቸው።

ማርታ እኔን አየች። እኔ አማረችን አየሁ። አማረች በሙያዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷ ካልተናገረች ማን ይናገር? ጨርቁን እጥፍ አድርጋ አስቀመጠችና «በጣም ያምራል፣ እትዬ» አለች። ዋሸች። ሁለታችንም ተከትለናት ዋሸን።

አልጋ ልብሱ ለማርታ ልጅ ለሰላም ነው። ሠርጓ እሑድ ጥር 24 ነው። አራታችንም ሁለት ሁለት ረድፍ በየቤታችን እየሰፋን፣ ቅዳሜ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል እንገጣጥማለን። ጨርቁ ከጣቃ የሚተርፈኝ ቁርጥራጭ ነው፤ ድሮ ለትራስ መሙያ ነበር የምሰጠው። የገበያው ሰው «የድሪቶ ማኅበር» ይለናል። ይበል። ያለፈውን ዓመት ሥራችንን ያየ ሁሉ የት እንደሚሸጥ ይጠይቀኛል። አይሸጥም። በሕይወቴ የማልሸጠው ነገር ይኼ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ከንክኖኛል። ባለፈው ወር ያመጡት የመጀመሪያው ረድፋቸው እንከን አልነበረውም። ግን ያ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ነበር፤ ፊቱና ጀርባው የማይለይ።

ሰኞ፣ ጥር 4

ዳምቦያ ሄድን። በየወሩ አንድ ቀን ከሆሳዕና ወጣ እንላለን፤ ያለፈው ወር ሆመቾ ነበርን። ሰበቡ ጨርቅ ፍለጋ ነው። ማርታ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «ጨርቅ ነጋዴ ይዘን ጨርቅ ፍለጋ ዳምቦያ እንሄዳለን፤ ዳቦ ቤት ተቀምጦ ዳቦ አማረኝ እንደማለት ነው» አለች። አማረች የዳምቦያ ልጅ ናት፤ ዘመዷ የሆነ ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ያጠራቅምልናል። ዋናው ግን ምሳው ነው። እሱንም ሁላችንም እናውቃለን።

ከሚኒባስ ስንወርድ እትዬ ዘነበች ክርኔን ያዙ። እንደ ልማዳቸው አይደለም፤ አጥብቀው።

ገበያው ውስጥ አንዲት ነጋዴ ረጅም ቀሚስ ከነሻሹ እንጨት ላይ ሰቅላለች። እትዬ ዘነበች ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋሉ?» አሉት። ቀሚሱን። ማርታ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። እሳቸው ግን አልደነገጡም፤ «ኮርታ ነው መሰለኝ የማትመልስልኝ» አሉና አለፉ። ነጋዴዋም፣ አጠገቧ ያለውም ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በኋላ ሰማያዊ ክር አንስተው «ይኼን ጥቁር ስንት ትያለሽ?» አሉ።

ሰው ዕቃ ሲመርጥ ዓይኑን ማየት ሥራዬ ነው። የፈለገውን ጨርቅ ገና ሳይጠይቀኝ ከዓይኑ አውቀዋለሁ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ እትዬን አየሁ። ጨርቅ በዓይናቸው አልመረጡም። በጣታቸው ነው የዳሰሱት።

ስንመለስ «ዓይንዎን አሞዎት ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ፀሐዩ ነው» አሉኝ። ሰማዩ ደመና ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ስድስት ቁራጭ ሰፋሁ። ከዚያው ከአበባማው ፖፕሊን፣ ልክ በልኩ። ዕቅዴ ቀላል ነው፦ ቅዳሜ ቀድሜ እገባለሁ፤ የሳቸውን አንስቼ የእኔን እተካለሁ። ማንም አይቀየም፤ ሰላምም በተገለበጠ ጨርቅ ላይ አትተኛም።

ስፌቴ እንደ አማረች አይደለም። ግን ማን ያያል?

ቅዳሜ፣ ጥር 9

መጻፍ አልፈለግሁም። ግን ልጻፈው።

ቀድሜ ገባሁ። መጋረጃውን ስገልጥ ማርታ ቆማለች፤ በነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር ደብቃለች። «አንቺ ደግሞ በጠዋት ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

«ሱቁ የእኔ ነው እኮ!» አልኳት።

ስድስት ቁራጭ ሰፍታ መጥታለች። እያየኋት ሳለ አማረች ገባች። እሷም ስድስት ሰፍታለች። ሦስታችንም፣ አንዳችን ለሌላዋ ሳንነግር፣ የእትዬን ረድፍ እንደገና ሰፍተናል። አሥራ ስምንት ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ስናየው እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ማርታ «ለሰላም ልጅም የሚበቃ አለን፤ ትውለድ!» አለች።

የአማረችን መርጠን በቦታው አያያዝነው፤ ስፌቷ የታወቀ ነው። የእትዬን ስድስቱን ቁራጭ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።

መጡ። ተቀመጡ። ጨርቁን ወደ ራሳቸው ስበው ዳሰሱት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። መለስ አደረጉ፤ እንደገና ዳሰሱ።

«ይኼ የአማረች ስፌት ነው። የእኔ የት አለ?»

አማረች አቀርቅራ ጥፍሯን ታያለች። ማርታ ጣሪያውን ታያለች። እኔ «እትዬ፣ ትንሽ ለማስተካከል ያህል...» ብዬ ጀመርኩ። ጣቃ ሙሉ ጨርቅ በአፌ እሸጣለሁ፤ ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ።

«ዓይኔ ነው እንጂ ጣቴ አልታወረም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ማርታ፣ ልጅ ሳለሽ ስትሳሳቺ ምን አደርግ ነበር?»

«በቀይ ያሰምሩልኝ ነበር፣ እትዬ።»

«በቀይ አሰምሬ፣ ፊትሽ ላይ አሳይሽ ነበር። እናንተ የእኔን ከኋላዬ ትቀይራላችሁ?»

ነጠላቸውን አነሱ። ደጃፉ ላይ ደረጃ አለ። ላግዛቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልነኩትም። ደረጃውን በእግራቸው እየዳሰሱ ወረዱ።

እሑድ፣ ጥር 10

ማርታ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች ደወለች። ታለቅሳለች። «ሽማግሌ እንላክባቸው» አለችኝ።

«የእኛ ሽማግሌ እሳቸው አይደሉ እንዴ? ማንን ልንልክ ነው?»

ሳቀች፤ ወዲያው መልሳ አለቀሰች።

እኔ ማልቀስ አልችልበትም። ነገሩን ለሁለት ከፈልኩት። አንደኛው ቅያሜ ነው፤ እሱ ይቅርታ ይፈልጋል። ሁለተኛው ዓይን ነው፤ እሱ ሐኪም ይፈልጋል። እኛ ሁለቱንም በመርፌ ልንጨርሰው ፈለግን።

ነገ ጥምቀት ነው፤ ታቦት ሊያጅቡ ይወጣሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ መንገዱን ማን ያሳያቸዋል? ጎረቤታቸውን በስልክ አደራ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ቤታቸው ሄድኩ። መጀመሪያ በር ላይ አቆሙኝ። ስድስቱን ቁራጭ አወጣሁና እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ በቀይ ልናገር። ስድስቱም ተገልብጠዋል። ፊቱ ወደ ውስጥ ነው። ዳምቦያ ላይ ለቀሚስ ሰላምታ ሰጥተዋል። ሰማያዊውን ጥቁር ብለዋል። አያዩም።»

ቁራጮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ «ግቢ» አሉኝ።

ዓመት አልፎታል። እንደ ጉም ነው ይላሉ፤ መብራት ሲያዩ ዙሪያው ይበተንባቸዋል። መጽሐፍ ካነበቡ ቆይተዋል። ለምን ደበቁ? በልጃቸው ምክንያት። ይስሐቅ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቤት አለው፤ አራተኛ ፎቅ። ቤቱን ዘግተሽ ነይ ይላቸዋል።

«አላይም ብዬ ብነግረው በማግስቱ መኪና ይዞ ይመጣል። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን እዚያ ማንን አውቃለሁ? በመስኮት የሰው መስኮት ሳይ ልውል?» አሉ፤ ቆይተውም «አሁንማ መስኮቱም አይታየኝ» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው አንጀቴን በላው።

ሆመቾ ያለችውን አክስቴን አስታወስኩ። እሷም ጉም ትል ነበር፤ የዓይን ሞራ ነው ተባለች፤ ተገፈፈላት፤ ዛሬ ከሩቅ ያየችውን ሰው ሁሉ ታማለች። ይኼንኑ ነገርኳቸው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ተመሳሳይ ይሁን አይሁን አላውቅም» አልኩ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ገባሁ፤ መደራደር ነው ሥራዬ። ሐሙስ ሆስፒታል እንሄዳለን። ለይስሐቅ ከእኛ ማንም አይነግረውም። የማይድን ነው ከተባለ ግን ራሳቸው ይደውሉለታል።

«አንቺ መልአከ ሞትንም ቀን ጨምርልኝ ትይዋለሽ» አሉኝ። ቀጥለው የራሳቸውን አመጡ፦ «እኔም አንድ አለኝ። የአማረችን አውጥታችሁ የእኔን መልሱ። እንዳለ። ስህተቴን የማርመው እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይነካው።»

«ሠርጉ እኮ እየደረሰ ነው፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሐኪሙን አፋጥኚው።»

ተስማማን። ይቅርታ ጠየቅሁ። ጉንጬን ስመው ሸኙኝ። አፍንጫዬን ነበር የሳሙት፤ ምንም አላልኩም። አይ፣ አልኩ። «ሳቱ፣ ጉንጬ በግራ ነው» አልኳቸው። እስከ በሩ ድረስ ሳቁብኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ሞራ ነው። ሁለቱም ዓይን፤ ቀኙ የባሰ ነው። ይገፈፋል! ቀኙ የፊታችን ማክሰኞ፣ ግራው ከወራት በኋላ።

ወጣቱ ሐኪም ጣቶቹን እያሳየ «ስንት ነው፣ እማማ?» ሲላቸው፣ «ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ከበድ ያለ ጠይቀኝ» አሉት። ማርታ ኮሪደሩ ላይ ሆና በሳቅ ሞተች። ጣቱ ሁለት ነበር። እሳቸው አልመለሱም፤ ስላልታያቸው ነው።

«ፍጹም ምንም አይሆንም ልልዎት አልችልም፤ አብዛኛው ሰው ግን በደንብ ያያል» አለ ሐኪሙ። በዚህ ወደድኩት። መቶ በመቶ የሚል ሻጭ አላምንም።

ከሰዓት የአማረችን ረድፍ አውጥተን፣ የተገለበጠውን ወደ ቦታው መለስነው። በጣም ያስቀይማል። ማርታ አየችውና «የአማቶቿ ወገን አይቶ ምን ይላል?» አለች። ልጇ ናት የምትዳረው፤ አልፈርድባትም። ትንሽ ቆይታ ግን ራሷ መርፌውን አንስታ ረድፉን አያያዘችው።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ ገበሩን ስንሰፋ አረፈድን። የአልጋ ልብሱ ጀርባ ነጭ አቡጀዲ ነው፤ መሬት እንዳይነካ ሦስታችንም ጭናችን ላይ ዘርግተነዋል። ሰው እየቆመ ያያል። አንድ ሽማግሌ «የበሽተኛው አንሶላ ነው?» አሉ። ማርታ «የሙሽራ ነው፣ አባባ» ብትላቸው፣ ምርቃታቸውን አወረዱት።

አማረች መርፌዋ ላይ እንዳቀረቀረች ቆየች። በመጨረሻ «እኔ ነበርኩ መጀመሪያ ያምራል ያልኩት» አለች። ማርታ ደግሞ «ዝም ብለሽ ስፊ፤ ሁላችንም ብለናል» አለቻት።

እትዬ ዓይናቸው ታሽጎ ወጡ። «ጨረሱ?» አልናቸው። «እኔ ምን አውቄ፤ ቀዩን መስመር ነገ አያለሁ» አሉ። እኔ ቤት አደሩ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ፋሻው ተነሳ።

መጀመሪያ እንባ ብቻ ነበር። ከዚያ እኔን አተኩረው አዩኝና «ታደለች፣ አርጅተሻል እኮ!» አሉ። ነርሷ ደነገጠች። እኔ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ከሆስፒታሉ በር ሳንወጣ ስልካቸውን አወጡ፤ ቁጥሩን ራሳቸው እያዩ ነካኩት። ለይስሐቅ ሁሉንም ነገሩት፤ መደበቃቸውንም ጭምር። ተቆጣ መሰለኝ። ብዙ ሰሙት፤ ከዚያ «ተቆጣ፤ ልክ ነህ። ለሠርጉ ና፤ እንነጋገራለን» ብለው ዘጉት።

ዓርብ፣ ጥር 22

ሐኪሙ አያጎንብሱ፣ ዓይንዎን አያድክሙ ብሏል። ስለዚህ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ አልጋ ልብሱን ግድግዳው ላይ ወጥረን ሰቀልነው። ሦስተኛው ረድፍ ፊት ብዙ ቆሙ— አይ፣ ተቀመጡ፤ ግን የቆሙ ነው የሚመስሉት።

«እንዲህ ነው የሰፋሁት?»

«እንዲህ ነው፣ እትዬ» አለች አማረች። በዚህ ዓመት የሰማሁት ትልቁ ድፍረት ነው።

ሳቁ። «ቀይ ክር አምጪ» አሉኝ። ስድስቱም ቁራጭ ላይ፣ በየማዕዘኑ፣ ራሳቸው ቀይ ክር ወጋ አደረጉ። «ተርትሬ እገለብጣለሁ፤ ከዚያ ነገ አማረች አጠገቤ ተቀምጣ እኔ እሰፋለሁ» አሉ፤ በየመሃሉ ዓይናቸውን እያሳረፉ። ይደርሳል ወይ? እሑድ ጠዋት ነው የሚፈለገው። ማርታ «ባይደርስ ሰላም ከነቀይ ክሩ ትወስደዋለች» አለች፤ ከልቧ ነው።

ይስሐቅ ነገ ይገባል። የሚወስነውን አላውቅም። ግራው ዓይን ገና ነው። ግን እናቱ ወንበር ላይ ሆነው ሦስት ትልልቅ ሴቶችን ሲያዙ ካየ በኋላ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ላስቀምጥሽ ለማለት ጠንከር ያለ አፍ ያስፈልገዋል።

ሥራው ያለቀ መስሎኝ ጨርቁን ላወርድ ስነሳ «ቆይ» አሉኝ። አምስተኛውን ረድፍ አተኩረው አዩ። «ይኼን የሰፋው ማነው? ጠማማ ነው።»

አምስተኛው የእኔ ነው። ስድስተኛውም የእኔ ነው። ሁለቱም ላይ ቀይ ክር ወጋ ወጋ አደረጉ፤ ከሳቸው ረድፍ ይልቅ የእኔው ቀላ። ማርታ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

አሁን ቤቴ ነኝ። መቀስና ሁለት ረድፍ ጭኔ ላይ አለ። መተርተር ጀምሬያለሁ።