መንጠቆውና ሽቦው

እሑድ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018፣ ጊንሃይም

ልጄ ሕይወት ለምሳ መጣች። መሥሪያ ቤቷ አንድ ተዋጊ ጄት ትንሽ መርከብ ላይ እንዲያርፍ እያሻሻለ ነው። "እንዴት ተደርጎ?" ብላት፣ መኮሮኒ የበላችበትን ሹካ ጄት፣ ትሪውን መርከብ አድርጋ አሳየችኝ። የመርከቡ ወለል አጭር ስለሆነ ከጄቱ ጭራ ሥር መንጠቆ ይገጠምለታል፤ የተወጠረ ሽቦ መንጠቆውን ይዞ ያስቆመዋል። ለሙከራው ነገ ወደ ባሕር ትሄዳለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ርቃኝ አታውቅም።

"ሽቦውን ቢስተውስ?" አልኳት።

"ተመልሶ ይነሳና እንደገና ይሞክራል። ካይነ አንግስት፣ አትፍራ አባዬ።"

እስከ ኡባን፣ እስከ ምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ፣ ሸኘኋት። ባቡሩ ሲመጣ የቦርሳዋን ማንገቻ ይዤ ቀረሁ። ሳቀች።

"አባዬ፣ ሽቦው እኮ ካስቆመ በኋላ ይለቃል።"

ለቀቅኩ። ቤት ስመለስ ሹካው ትሪው ላይ እንዳረፈ ነው። አላነሳሁትም።