ኖራ የምትለቅም ዶሮ

ልጄ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ ጤናውን ያብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቴም ደህና ነው።

የላክሽው የቫይታሚን ካርቶን እንደታሸገ አልጋ ስር ተወሽቋል። ቀይዋ ዶሮ የእንቁላሏ ቅርፊት ልፍስፍስ ብሎ ሰንብቶ ነበር። ወንድምሽ እህል ቢቆልልላት ጥላው ሄዳ የጓዳውን ግድግዳ ኖራ ስትለቅም ከረመች። «ግድግዳውን ጨረሰችው፣ ትታረድ» ቢለኝ በመጥረጊያ አባረርኩት። ይኸው አሁን ቅርፊቱ ጠንክሯል።

ዶሮ እንኳ የጎደላትን ታውቃለች። አንቺ ስድስት ዓመት ሙሉ የእንስሳት መኖ ተምረሽ ለእናትሽ የምትልኪው ክኒን ነው። እሷ የጎደላትን ግድግዳ ላይ አገኘች፤ እኔ ግድግዳ ላይ ያለኝ ፎቶሽ ብቻ ነው።

ሌላ ካርቶን እንዳትልኪ፣ አደራ። መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ወደዚህ ያቅናልሽ።

እናትሽ