ማሽኑ የካዳቸው አሥር ጣቶች

ለክቡር የአሻራ ምዝገባ ጣቢያችን ኃላፊ
ጂንካ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም መስኮቱ ሥር ነጭ ጨርቅ ለብሶ ለተቀመጠው የአሻራ ማሽንዎ የላቀ ጤና እመኛለሁ፤ እኛ ባለጉዳዮችዎ ከጣታችን በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እኔ ነጋሽ ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መምህር ስሆን፣ ባለቤቴ ሙሉሽ ከገዘር እስከ ጂንካ ገበያ ያለ ማዕድ ቤት ሁሉ የሚያውቃት ሸክላ ሠሪ ናት። የቤታችን የይዞታ ደብተር ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር፣ እስከ ሰኔ ማብቂያ አሻራው ያልተረጋገጠ ሰው ስሙ ከደብተሩ እንደሚወጣ ስለተነገረን፣ በግንቦት መጨረሻ የክት ልብሳችንን ለብሰን ፊትዎ ቀረብን። ለተደረገልን መስተንግዶ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ማሽንዎ ዕድሜ ልኩን ከጠመኔ የከበደ ነገር ያልያዘውን የእኔን ጣት ወዲያው አረንጓዴ አብርቶ ሲቀበል፣ ሠላሳ ዓመት ጭቃ ያቦካውንና ገንቦ በድንጋይ ሲያለሰልስ የኖረውን የሙሉሽን ጣት ግን «ጣት አልተገኘም» ብሎ መልሶታል። አሥሩንም በየተራ ሞክራ አሥሩም አልተገኙም። ቤቱ የተሠራው በእነዚያው ባልተገኙት ጣቶች መሆኑን ለማሽኑ ላስረዳ ብሞክርም፣ መዝጋቢዋ ኤፍራታ ማሽኑ አማርኛ እንደማይሰማ በትሕትና ገልጻልኛለች።

2ኛ. እርስዎም ከቢሮዎ ድረስ ወጥተው፣ ሙሉሽ አንድ ወር ሙሉ ሥራ ሳትነካ፣ ጠዋትና ማታ ቫዝሊን እየተቀባች እጇን እንድታሳርፍ መከሩን። ምክርዎ በቤታችን እንደ ሕግ ከመከበሩ የተነሣ ባለቤቴ እስከ ዛሬ እርስዎን ሳትመርቅ አትተኛም።

3ኛ. እጇ ቢያርፍም ገበያው አላረፈም። ስለዚህ ከገዘር የታዘዙትን ሃያ ድስቶች ለመሥራት ውሃ ከኔሪ ወንዝ የቀዳሁ፣ እንጨት የፈለጥሁ፣ ጭቃ ያቦካሁ፣ በመሐሉም እንሰት የፋቅሁ እኔ ነኝ። ሙሉሽ ሁለት እጇን ቫዝሊን ቀብታ በፌስታል ጠቅልላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዝዘኝ ነበር፤ የታዘዘላት ዕረፍት ለእጇ ብቻ ስለሆነ ምላሷ አንድም ቀን አላረፈም። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባላልና፣ የመጀመሪያ ድስቴን ጎረቤታችን አስካለ አይታ ለዶሮዎቿ ውሃ መጠጫ ልትገዛው ጠይቃለች። እውነቱን ለመናገር ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት ምን ስትሠራ እንደኖረች ያወቅሁት በዚያ ወር ነው፤ አፍሬአለሁም።

4ኛ. በቀጠሯችን ቀን የሙሉሽ ጣት እንደ ሙሽራ ጣት ለስልሶ ቀረበ። ማሽኑ አረንጓዴ አበራ፤ ኤፍራታም አጨበጨበች። ቀጥሎ ባልና ሚስት በአንድ ቀን ያረጋግጡ በሚለው መመሪያዎ መሠረት እኔ የቆሰለውንና የተላጠውን ጣቴን አስቀመጥሁ። አልተገኘም። ዘጠኙን ወንድሞቹንም አስከተልሁ፤ አልተገኙም። ቀኑም የሰኔ የመጨረሻው ቀን ነበር።

በዚህም ምክንያት ቤቱ ዛሬ የተመዘገበው በሙሉሽ ስም ብቻ ሲሆን፣ እኔ በገዛ ቤቴ ደባል ሆኜ እገኛለሁ። ስሜ እንዲመለስ በማመልከቻዬ ላይ እንድትፈርምልኝ ብለምናት፣ ጠባዬን አይታ እንደምትወስንና እስከዚያው ጭቃው እንዳይደርቅ አሳስባኛለች። ወደ ሸክላዋ የመመለስ ሐሳብም አላየሁባት።

ስለሆነም ክቡርነትዎ እኔም በተራዬ አንድ ወር እንዳርፍ የሚያዝዝ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለባለቤቴ እንዲጽፉልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በቃል ብነግራት አታምነኝም።

ለማሽንዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ማሽኑን ከመጠበቅ የሚተርፍ ጊዜ እየተመኘሁ፣ በአሻራ መፈረም ስላልቻልሁ በእስክሪብቶ የምፈርም፣

አክባሪዎ
ነጋሽ
የቀድሞ ባለ አሥር ጣት፣ የአሁኑ የወይዘሮ ሙሉሽ ደባል

ማሳሰቢያ፦ ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ በጮኽሁ ጊዜ፣ ደህና መሆኑን ሊያሳዩኝ የራስዎን ጣት ማስቀመጥዎን አልዘነጋሁም። ማሽኑ ገና ሳይነኩት አበራ። ሃያ ዓመት ሙሉ በሥራ ገበታዎ ላይ ቆይተው ጣትዎን እንደ አራስ ልጅ ጣት አድርገው ማኖርዎን የተሰለፍነው ሁሉ በአድናቆት ተመልክተናል። ሙሉሽም የትኛውን ቫዝሊን እንደሚቀቡ ጠይቅልኝ ብላለች።