በር ዘግቶ መፍጨት

ጥቅምት ፲፬
ልብስ አጠብሁ። የየዝናሽን ቀሚስም አብሬ። እንዶዱን ወቅጬ ልብሱን ድንጋዩ ላይ ስረግጥ ጎረቤቴ ሙርሳል ከማዶ አይቶኝ በሳቅ ሞተ።
«ወላሂ! ወንድ ሆነህ የሚስት ቀሚስ ታጥባለህ?»
«በጎጃም ልብስ የሚያጥብ ወንድ ነው» አልሁት። «አንተስ ሚስትህን ወንዝ አውርደህ ወርቅ ታሳጥብ የለም?»
«ወርቅ የሴት ነው!» አለ። ለእሱ ነገሩ አለቀ። እኛ ጋ ጨርቁ የወንድ፣ እነሱ ጋ ወርቁ የሴት... ማን ነው የደለደለው? አሶሳ ከገባሁ ወዲህ የማላስበውን ሁሉ አስባለሁ።

ጥቅምት ፳፪
የዝናሽ ፀንሳለች። አራተኛ ወሯ ነው፤ ዛሬ ነገረችኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ሁለቴ አስወርዷታል። ሁለቱንም ጊዜ ወፍጮ ላይ እያለች ነው ደሙ የመጣባት። የሰፈሩ አዋላጅ የሙርሳል ሚስት ብኸይታ ናት። ሆዷን ዳበሰቻትና «መፍጨት ሐራም!» አለች።
እሺ፣ ማን ይፍጭልን? ክረምቱ ወጥቷል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወርቅ ሊያጥብ ወንዝ ወርዷል።

ጥቅምት ፳፮
ዱቄት አለቀ። ዛሬም ንፍሮ።

ጥቅምት ፳፰
ሰም የሚገዛኝን የሱዳን ነጋዴ፣ አልአሚንን፣ ገበያ አገኘሁት። ወሬ ስናነሳ ስንጥል የወንድና የሴት ሥራ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። በእነሱ አገር ውሃ ተሸክሞ እየዞረ የሚሸጥ ወንድ ነው አለ። እኛ ጋ ወንድ እንስራ ቢያዝል መንደሩ ይስቅበት ነበር።
«መፍጨትስ? ወንድ ይፈጫል?»
«አዑዙ ቢላህ!»
ይኼስ በሁሉም አገር ነውር ነው ማለት ነው።
ቤት ስገባ የዝናሽ ማሽላውን ወፍጮው ላይ አፍስሳ መጁን ይዛለች። ቀማኋት። አለቀሰች።

ኅዳር ፩
በሩን ዘግቼ ፈጨሁ። ወይ ወገቤ! ከዱቄቱ ላቤ ይበዛል። ይህን በየቀኑ እንዴት ችላው ኖረች? እኔስ እንዴት ሳላይ ኖርሁ?
«ኧረ ይተዉ፣ ሰው ቢሰማስ?»
«ቢሰማ አንቺ ነሽ የሚመስለው» አልኋት። ብልሃት የሠራሁ መስሎኝ።

ኅዳር ፪
ብልሃቴ ጉድ ሠራኝ። ብኸይታ ከወንዝ ስትመለስ ድምፁን ሰምታ በሩን በርግዳ ገባች። «የዝናሽ! ልጅ ልትገድዪ ነው? አትፍጪ አላልሁም?»
የዝናሽ መደብ ላይ ተጋድማለች። እኔ ወፍጮው ላይ አጎንብሼ፣ ጢሜ ዱቄት ለብሶ። ብኸይታ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ «በል ፍጭ» ብላኝ ወጣች።

ኅዳር ፭
አገሩ ሁሉ ሰማ። ሙርሳል «አሁንስ ጨርሶ ሴት ሆንህ!» አለኝ። የአገሬ ልጆች ደግሞ ገበያ መሀል «እሜቴ ፈጪ» ብለው ጠሩኝ። ደሜ ፈላ። ዕቃዬን ጠቅልዬ ልሂድ? ወዴት?
የዝናሽ ፊቴን አይታ «ዛሬ እኔ ልፍጭ» አለች። አልሰጠኋትም። እነሱ ያን ደም አላዩ።

ጥር ፲፱
በሩን ከፍቼ ፈጨሁ። መዝጋቱ ሰለቸኝ። ደግሞ ይሞቃል።

ሚያዝያ ፬
ምጥ ያዛት። ብኸይታ ከውስጥ በቋንቋዋ፣ እኔ ደጅ ማርያም ማርያም... ምነው ዝም አሉ?

ሚያዝያ ፭
ሴት ልጅ! ሁለቱም ደኅና ናቸው። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። ሙርሳል አጠገቤ ቁጭ አለ።

ሚያዝያ ፱
ብኸይታ ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤታችን አልወጣችም። አራሷን ታጥባለች፣ ልጅቷን ታቅፋለች። ዛሬ ገንፎ እየበላን ከጎረቤት የወፍጮ ድምፅ መጣ። ከእነሱ ቤት።
«እናንተ ቤት ማን መጣ?» አልኋት።
«ማንም» አለች፣ ዓይኗን ከልጅቷ ሳትነቅል። ሳቋን አፍናለች። «ሙርሳል ዱቄት አልቋል አለ። እኔ እዚህ ነኝ አልሁ።»
ወጥቼ አየሁ። በሩ ዝግ ነው። አላንኳኳሁም።
ነገ ግን ሄጄ አፈጫጨቱን አሳየዋለሁ። ድምፁ ያስታውቃል፤ መጁን በጣም ይጫነዋል።