አንድ ቀን የጎደለው ዐሥራ አራት

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

አላሳለፉንም። የድንበሩን ድልድይ ተሻግረን፣ ባንዲራው እየታየን፣ "ጥግ ያዙ" ተባልን። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበት አገር በር ላይ እንደ ሌባ ቆሜያለሁ። ዜጋ ነኝ! ፓስፖርቴን ስሰጠው ድንበር ጠባቂው ልጅ በጓንት፣ በሁለት ጣቱ ያዘው፤ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው።

ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ቶሮንቶ የሄድነው ለቅሶ ልንደርስ ነው። የባለቤቴ የብዙነሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እህቷ ባሏን ቀበረች። በስልክ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብሎ መቅረት አልሆነልኝም። አጠገባችን አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ጓደኛዬ ታምራት ታክሲውን ሽጦ የገዛት አሮጌ ሞተር ሆም አለችው፤ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያላት መኪና። "ሆቴል አንገባ፣ ሰው አንነካ፣ ቤታችንን ይዘን እንሄዳለን" አለ። ሄድን። እዚያ ተቀምጠን ዓለም ተቆለፈ።

ልጄ ሕሊና ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው። መጋቢት 27 አርባ ቀኑ ነው፤ ክርስትና ይነሳል። በበሽታው ምክንያት ቄሱ አምስት ሰው ብቻ ብለዋል። ሕፃኑ፣ እናት፣ አባት፣ ክርስትና አባት። አምስተኛው እኔ ነኝ። ግን ሕሊና ነርስ ናት፤ "ዐሥራ አራት ቀን ለብቻህ ሳትቀመጥ ልጄን አታይም" ብላለች። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። ነገ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሕሊና ቤት፣ ከገባሁ በ27 ጠዋት ይሞላል። ትርፍ ቀን የለኝም።

አሁን ስለ ፌጦው። የብዙነሽ እህት በብልቃጥ ሰጥታን ነበር፤ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር የተለወሰ። እህል ሳንቀምስ መጀመሪያ እሱን ወሰድን፤ በባዶ ሆድ፣ አንድ አንድ ማንኪያ። አንጀቴ ተቃጠለ። ከዚያ ድንበሩ ጋ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ቆመን፣ ውኃ አፍልተን፣ ባሕር ዛፍና ዝንጅብል ጨምረን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን ታጠንን። በሰው መሀል ከመግባታችን በፊት ሳንባችን ይጠረግ ብለን ነው። ከአጠናው ወጥተን በቀጥታ ወደ ድልድዩ።

ልጁ መስኮቱን ክፈቱ አለ። ሽታው መታው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔ ላቤ ይንጠፈጠፋል፣ ዓይኔ ያለቅሳል። "ያስልዎታል?" አለኝ። "ኖ ሰር" ልል አፌን ስከፍት ፌጦው ጉሮሮዬን ያዘኝና ሳልኩ፣ ሳልኩ፣ ሳልኩ።

"ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"ሜዲስን" አለ ታምራት።

"የምን?"

"ፎር ኮሮና።"

ኧረ አንተ ሰውዬ! ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳበት እንግሊዝኛ ዛሬ ይህችን ብቻ አገኘ?

ግንባሬ ላይ ሙቀት መለኪያ ደገኑብኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አጠናው ያጋለውን ሰውነት ትኩሳት አሉት። ነገ ጠዋት ሌላ ባለሙያ መጥቶ እስኪለካን እዚሁ ጥግ እንድንቆም ተነገረን።

"አንተ ባትዘባርቅ ኖሮ" አልኩት።

"አንተ ባታጥነኝ ኖሮ" አለኝ።



እሑድ፣ መጋቢት 13

ጠዋት ሲለኩን ሁለታችንም ደህና። እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቃዛ። ታዲያ ልቀቁና! የለም። ትናንት የጻፈው ሰው ፈረቃው አልቆ ሄዷል፣ ወረቀቱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ወረቀት ሲፈልጉ እኩለ ቀን ሆነ። ይቅርታ ያለን የለም። አንዷ ብቻ "ብልቃጡን እንጥለዋለን" አለች። ጣሉት።

መንገዱ ባዶ ነው፤ ግን ማን ያስገባናል? ማረፊያው ዝግ። የካምፕ ቦታው ዝግ። ፔንሲልቫንያ አንድ ሱቅ ሽንት ቤት ስጠይቅ ሴትየዋ በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ በጣቷ አሳየችኝ፤ ለመናገር እንኳ አፏን አልከፈተችም። እርጉዝ ሴት፣ ሽማግሌ ቢመጣስ? ሰው እንዲህ በአንድ ሳምንት ሰው መሆኑ ይጠፋዋል?

ታምራት ዓይኑን ከታከመ ወዲህ በጨለማ አይነዳም። እኔ ደግሞ ይህን የሚያህል ቤት በተራራ መንገድ በጨለማ አልደፍርም። የጭነት መኪኖች መቆሚያ ገብተን ቆምን። እሑድ እዚህ አለቀ ማለት ነው። ሕሊናዬ ቤት ሳልደርስ።

ደወልኩላት። "አባዬ የት ናችሁ? ምን ሆናችሁ ነው የቆያችሁት?"

"ታምራት ነዋ! ለድንበር ጠባቂው የኮሮና መድኃኒት ይዣለሁ አለው።"

አጠናውን ማን እንዳፈላው አልነገርኳት። ታምራት ብርጭቆ እያጠበ ይሰማል። ያጠበውን ብርጭቆ ደግሞ አጠበው።

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ረፋድ ላይ ገባን። የታምራት ልጅ ከአሌክሳንድሪያ መጥቶ አባቱን በኋላ ወንበር፣ መስኮት ከፍቶ ወሰደው። ሞተር ሆሟን ዐሥራ አራቱን ቀን እስክጨርስባት ለኔ ተወልኝ። "ስትተኛ ጋዙን መዝጋት አትርሳ" አለኝ ቁልፉን ድራይቭዌዩ፣ የሕሊና ቤት ደጅ መኪና ማቆሚያው፣ ላይ አስቀምጦ። "ፌጦ ካማረህም ድንበር ድረስ ሄደህ ጠይቃቸው።" ሳይስቅ ነው የተናገረው።

ሕሊና በሳሎኑ መስኮት ሕፃኑን አቅፋ ቆመች። ፀጉር አብቅሏል! እጄን አነሳሁ። ስልኬ ጠራ፤ እሷ ናት፣ ከመስታወቱ ወዲያ።

"አባዬ፣ ከዛሬ ነው የሚቆጠረው።"

"አንድ ቀን ነው እኮ ሕሊናዬ። አንዲት ቀን!"

"ፎርቲን ኢዝ ፎርቲን፣ አባዬ።"

"ካናዳን ለቅቄ፣ ኒውዮርክን፣ ፔንሲልቫንያን አቋርጬ፣ የማያውቁኝ ሰዎች አሳልፈውኝ፣ የገዛ ልጄ ትከለክለኝ?"

ዞረች። ሕፃኑን ያዞረችው ይሁን ፊቷን፣ ከዚህ ሆኜ መለየት አልቻልኩም።

ባሏ ቢንያም የጾም ወጥ በዕቃ አምጥቶ ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሸሸ። "ጋሼ፣ የሚፈልጉት ነገር ካለ ኮል ያድርጉኝ" አለ ከሩቅ። ጥሩ ልጅ ነው። እሱንም ተናደድኩበት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ጠዋት የፊት መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ነው። መኖሪያ መኪና ድራይቭዌይ ላይ ማቆም ደንብ መጣስ ነው፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ይነሳ፣ አለዚያ እናስነሳዋለን ይላል። ቀኑን ወደ እኛ ስመልሰው መጋቢት 27። የክርስትናው ቀን! ከሁሉ ቀን መርጠው!

ሰው እየሞተ እነዚህ የሣር ቁመት ይለካሉ። በእንግሊዝኛ መልስ ጻፍኩ፣ ቀደድኩት። ስምንተኛ ክፍል የተማረ ሰው ቁጣውን በሰው ቋንቋ መጻፍ ይቸግረዋል።

ከሰዓት በኋላ ቄሱ ደወሉ። የአምስቱን ሰዎች ስም እየመዘገቡ ነው።

"እርስዎ መቼ ገቡ?"

"እሑድ" አልኩ።

"እንግዲያው በዕለቱ ይሞላልዎታል። እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ይመስገን" አልኩ።

ይኸው። ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ጸሎት አልሄድልህ አለኝ። አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ "ይቅር በለን" የሚለው ጋ ስደርስ ተመልሼ ከመጀመሪያ እጀምራለሁ። በጾም፣ ያውም ለቄስ! ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ምግብ እቆጥባለሁ፣ ወተት አልቀምስም፣ አፌን ግን አልጾምኩም።

እሑድና ሰኞ ምን ልዩነት አላቸው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። በሽታው የቀን መቁጠሪያ አይዝም። እኔ ደህና ነኝ፤ ለክተውኛል። ደግሞ እነሱ ባያዘገዩኝ ኖሮ እሑድ እገባ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱ የነሱ ነው፣ ስለዚህ ቀኑ የኔ ነው። ጥሩ ጠበቃ ይወጣኝ ነበር።

ቢንያም ወጥ ሲያመጣ እንዲህ አለኝ፦ "ጋሼ፣ ሕሊና ላይ አይዘኑባት። አብራት የምትሠራው ነርስ ሆስፒታል ገብታለች። ትናንት ስትደውል መናገር አቅቷት መተንፈሷ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሕሊና ከዚያ ወዲህ ሕፃኑን ከእጇ አላወረደችም።"

ይህን ለምን አልነገረችኝም? መቼ ጠየቅኋት! ስለ ድንበሩ፣ ስለ ሱቋ ሴትዮ፣ ስለ ማኅበሩ ወረቀት ነግሬያታለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ "አንቺስ እንዴት ነሽ?" አላልኳትም። ብዙነሽ ብትኖር መጀመሪያ የምትለው እሱን ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ሦስት ስልክ ደወልኩ።

መጀመሪያ ለቄሱ። "አባቴ፣ እሑድ ያልኩዎት ውሸት ነው። የገባሁት ሰኞ ነው።" "እንግዲያው" አሉ፣ "አምስተኛው ሰው መሆን አይችሉም።" አውቃለሁ አልኩ። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ቄሱ ግን ስልኩን አልዘጉም።

"ያረፉበት መኪና መስኮት አለው?"

"አለው፣ አባቴ። ሰፊ ነው።"

"የቤተ ክርስቲያኑ የጎን በር የሚከፈተው ወደ ፓርኪንጉ ነው። መጠመቂያውን ወደዚያ እናስጠጋለን። እርስዎ አይውረዱ፣ መስኮቱንም አይክፈቱ። በሩን እኛ እንከፍተዋለን።"

አመሰገንኩ፤ ምን ብዬ እንዳመሰገንኩ አላስታውስም።

ሁለተኛ ለታምራት። "አጠናው የኔ ሐሳብ ነበር፤ ለሕሊና ባንተ አሳብቤያለሁ" አልኩት።

"ብርጭቆውን ለምን ሁለቴ ያጠብኩት መሰለህ? አንተን ማጠብ ስላልቻልኩ ነዋ!" አለና ሳቀ፤ ከቅዳሜ ወዲህ መሳቁ ነው። "ፎር ኮሮና ማለቴ ግን የራሴ ነው። እሱን አትውሰድብኝ።"

ሦስተኛ ለሕሊና። መጀመሪያ "አንቺ እንዴት ነሽ?" አልኳት። አለቀሰች። ስለ ጓደኛዋ ነገረችኝ፤ ዛሬ ትንሽ ተሽሏታል። ስትጨርስ ስለ ፌጦው፣ ስለ አጠናው፣ ስለ ቄሱም ነገርኳት።

"አባዬ፣ ፌጦውን እኮ ከቅዳሜ ጀምሮ አውቃለሁ። አክስቴ ደውላ 'አባትሽ ለምኖኝ ነው የወሰደው፤ ታምራትማ ሽታውን ፈርቶ ነበር' ብላኛለች።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ እስክትነግረኝ።"

ብዙነሽን ሆነችብኝ።

"አምስተኛው ቦታስ? ለማን ትሰጡታላችሁ?" አልኳት። የቢንያም አክስት ከሀያትስቪል እንደምትፈልገው ሰምቻለሁ።

"ለማንም። ባዶ ይቁም፤ ያንተ ነው።"

ቅዳሜ፣ መጋቢት 26

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። ሳል የለም፣ ትኩሳት የለም። ሕሊና በቀን ሁለቴ በስልክ ታስለካኛለች።

ዛሬ መኪናዋን ላስነሳ ብል አልነሳ አለች። ባትሪዋ ሞቷል። ከሁሉ ቀን መርጣ! ተሳደብኩ፤ ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ መኪናዋን ይሁን እግዚአብሔርን እንጃ። ቢንያም አፉን ሸፍኖ፣ እኔ ውስጥ ተዘግቼ፣ ሽቦውን ከመኪናው ጋር አገናኘው። በሦስተኛው ጮኸች። ሙሉ ሰፈሩ ሰማ። ወረቀቱን የለጠፈው ሰውዬ በረንዳው ላይ ወጣ። እጄን አነሳሁለት። ግራ ተጋብቶ እሱም አነሳ። ደንቡ ግን አሁንም የድንጋይ ልብ ደንብ ነው፤ በዚህ ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ማኅበሩ እስከ ነገ ይነሳ ብሏል፤ ነገ በጠዋት አነሳለሁ። ሰፊው መስኮት በቀኝ በኩል ስለ ሆነ ጠባቡ ፓርኪንግ ውስጥ ወደ ኋላ መግባት አለብኝ። ይሄ አያስፈራኝም፤ ሃያ ዓመት መሀል ከተማ ገራዥ ውስጥ የሰው መኪና ወደ ኋላ ስከት የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚያስፈራኝ ዝናቡ ነው። ይዘንባል ብለዋል። ከዘነበ በሩን ለሕፃኑ ሲሉ ይዘጉታል፣ ይዝጉትም። እንደዚያ ከሆነ ድምፁን እሰማለሁ፤ ውኃው ሲነካው ማልቀሱ አይቀርም።

ማታ ሳይመጣ መስኮቱን በኮምጣጤ ጠረግሁት። የመንገዱ ቆሻሻ ግን ከውጭ ነው፤ ቶሮንቶ ድረስ ያለው አቧራ። አልወርድ ነገር! ቆሜ ሳየው ሕሊና ባልዲና ጨርቅ ይዛ መጣች። አፏና አፍንጫዋ ተሸፍኗል፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየኝ። ምንም ሳትል ከወዲያ በኩል መጥረግ ጀመረች። እኔም ከወዲህ ጨርቄን አነሳሁ። እሷ በሄደችበት እኔም እየሄድኩ፣ እጄ እጇ ላይ እየዋለ፣ አንድ መስታወት ለሁለት ጠረግን።

ጠርቷል። ነገ አይዝነብ እንጂ።