ስለ ሱዳርሲ ስምና ስለ ደረቅ ዓሣችን

ለተከበሩ የዳርቻ ሕክምና መጽሔት የማጣቀሻ ዝርዝር መርማሪ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ነጥብና ሰረዝዎ ሁሉ በየቦታው እንዳለ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ የጤና ረዳት የነበረው የፓርጂዮ ሚስት ነኝ፤ ማንበብ የተማርኩት ከትምህርት ቤት ሳይሆን እሱ ከሚጥላቸው ወረቀቶች ነው።

ባለቤቴ የላከላችሁ ጽሑፍ አጭር ነበር። በመንደራችን ዝንብ እንዳያርፍበት የተባይ መርዝ እየተረጨ የሚደርቀው ዓሣ ልጆችን አንዘፍዝፎ እንደሚገድል ይናገራል። የወረዳው ጤና ቢሮ፣ "በመጽሔት ታትሞ ይምጣና ርጭቱን እንከለክላለን፤ እስከዚያ ገበያውን እንዳታሸብር" ስላለው እናንተ ዘንድ መጣ። ላደረጋችሁልን ትጋት ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዬን ግን ደንባችሁን አክብሬ በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ባለቤቴ በማጣቀሻው የጠቀሳት፣ መርዙን በዓሣው ውስጥ መርምራ ያገኘችው ሊቅ ሱዳርሲ ትባላለች። በእኛ በጃቫ ደሴት እንደ ብዙዎቻችን ስሟ አንድ ብቻ ነው። እናንተም "የቤተሰብ ስም ጎድሏል" ብላችሁ ጽሑፉን መለሳችሁ። የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው ያገኘው መርዝ እንደማይገድል ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን።

2. ባለቤቴ ስልክ ቢደውል ጸሐፊዎ እጅግ በትሕትና አስተናገደው። "አቶ ፓርጂዮ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ሁለቴ ይጻፉትና ይገላገሉ! ሱዳርሲ ሱዳርሲ።" ባለቤቴም፣ "ሴትዮዋን በስተርጅና መንታ ላድርጋት?" ብሎ ሳቀ፤ እንደተባለውም ጻፈ። የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ ጽሑፉ "ስም ተደግሟል" ተብሎ ተመለሰ። በዚህ መካከል የጎረቤታችን የቱሚራህ ልጅ ከቁርሱ ላይ ተነሥቶ ወደቀ፤ በባለቤቴም እጅ ላይ ሞተ። እሱንም በጽሑፉ ልንጨምር አስበን ነበር፤ ዝርዝሩን እንደገና እንዳያበላሽባችሁ ሰግተን ተውነው።

3. ባለቤቴን በቀበርንበት ሳምንት፣ ዝርዝሩ አሁን እንከን እንደሌለው የሚያበሥር ደብዳቤያችሁ ደረሰኝ። ከግርጌው ማጣቀሻዎቹ ከአምስት ዓመት በላይ ስለሆናቸው በአዲስ እንዲተኩ ያዝዛል። ስንልክላችሁ አዲስ ነበሩ፣ ክቡር ሆይ። ያረጁት በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ነው።

የዓሣ ማድረቂያው ወቅት ሊገባ ስለሆነ ከእንግዲህ ላደክምዎ አልፈልግም፤ ጽሑፉን ከመጽሔትዎ አንሥቻለሁ።

ለእያንዳንዷ ነጠላ ሰረዝ ስለሚያሳዩት ርኅራኄ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜዎ እንደ ትዕግሥትዎ ይርዘም የምል፣

የፓርጂዮ መበለት፣ ሙርጂያቲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ጽሑፉን በዓሣ መሸጫው ደጃፍ ለተሰበሰቡት ሴቶች አነበብኩላቸው። ማጣቀሻ የጠየቀ አልነበረም። ቱሚራህ ብቻ ከመካከል ተነሥታ፣ "ይህን ሁሉ ጊዜ ታውቁ ነበር?" አለችኝ። የእኔን ድርሻ መለስኩላት፤ ለቀረው የእርስዎን አድራሻ ሰጥቻታለሁ።