የአዮ ቅቤ በኦቦ ተረፋ መኪና ላይ

ጥር 14፣ ረቡዕ

ፋርማሲ ዋልኩ። ሰው ብዙ፣ መድኃኒት ትንሽ። አሥር ሰዓት አካባቢ የናኦሚ አባት ኦቦ ተረፋ ብቅ አሉ። ደነገጥኩ… ሽማግሌ ልከን እሺ ካሉ ወዲህ ብቻዬን አግኝተውኝ አያውቁም። ወንድማቸው አዲስ አበባ ታሟል፣ ነገ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ዓይናቸው ረጅም መንገድ መንዳት እምቢ ብሏቸዋል። የመኪናቸውን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ። የጥቁሩን ኮሮላ ቁልፍ። ለእኔ።

"በየቀኑ አስነሳው። ቅዳሜ አርጆ ውረድና እናትህን ጠይቃት፤ የቀለበቱንም ቀን ንገራት" አሉኝ። በር ላይ ደርሰው ዞር አሉ፦ "ላቫጆ እንዳትወስደው። ለስላሳው ጨርቅ ከኋላ ወንበር ላይ አለልህ።"

በመኪናው ያመነኝ ሰው ልጁን መከልከል ይችላል? አይችልም። ዛሬ እራት መብላቴንም አላስታውስም።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

አርጆ ደርሼ መጣሁ። ምነው ባልሄድኩ…

እናቴ፣ አዮ፣ መኪናውን ስታይ እየሮጠች ወጣች። የናኦሚ አባት አምነው እንደሰጡኝ ነገርኳት። ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በኮባ ቅጠል ላይ ቅቤ፣ በሌላ እጇ ጮቆርሳ ይዛለች፤ ያንኑ ለምርቃት የሚቆረጠውን እርጥብ ሣር። "አዮ ተይ" ሳልል ኮፈኑን በሁለት እጇ ቀባችው። ሣሩን የመስታወቱ መጥረጊያ ሥር ሻጠችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና መመረቅ ጀመረች። እኔ? ጨርቅ ፍለጋ ዞር ዞር እላለሁ።

ምን ላድርግ? ኦቦ ተረፋ የቸርች ሽማግሌ ናቸው። "ሣርና ቅቤ ባዕድ አምልኮ ነው" ብለው ሲሰብኩ በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ይሄን ቢያዩ ያቺን ልጅ ይሰጡኛል?

ከቤት በታች ወንዙ ጋ አቆምኩት። ለስላሳው ጨርቅ ትዝ ብሎኝ ነበር እኮ። ግን ቅቤ ከነካው ኦቦ ተረፋ ይደርሱብኛል ብዬ ተውኩት። የማዳበሪያ ከረጢት ቀድጄ፣ በኦሞ፣ በዚያው በድፍርሱ ውሃ ፈገፈግሁት። ጨርቁን ለማዳን… ይሄ ጭንቅላት ነው?

ጥር 18፣ እሑድ

ጠዋት ፀሐይ ላይ አየሁት። ኮፈኑ በሙሉ በክብ በክብ ጭረት ተሞልቷል፣ ሸረሪት ድር ያደራችበት ይመስላል። ጥላ ውስጥ ሲሆን አይታይም። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ጉዴ ይወጣል። ቸርች በእግሬ ሄድኩ። ናኦሚ "መኪናውስ?" አለችኝ። "ቤንዚን ለመቆጠብ ነው" አልኳት። ውሸት አንድ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

የጥርስ ሳሙና ሞከርኩ። በስልክ ያየሁት ነው። ነጭ ዱቄት በየስንጥቁ ገብቶ ቀረ እንጂ ጭረቱ ንቅንቅ አላለም።

ጨለለቂ ሰፈር ቀለም የሚሸጠው ጓደኛዬ ሌንጮ ጋ ሄድኩ። ሦስት ዓይነት ፖሊሽ ደረደረልኝ፦ ሻካራ፣ መካከለኛ፣ ልሙጥ። ሻካራውን በጣቴ አሸሁት፣ አሸዋ አሸዋ ይላል። "የቱ ይሻላል?" ስለው "ከቸኮልክ ሻካራው ነዋ" አለኝ። መቸኮሉን ቸኩያለሁ። ወሰድኩት።

ጥር 22፣ ሐሙስ

አበቃልኝ።

መብራት ከትናንት ጀምሮ አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመጣ፣ ሳይሄድብኝ ብዬ ተጣደፍኩ። የፖሊሽ ማሽን ስላላገኘን ሌንጮ የብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥሞልኝ ነበር። መጀመሪያ ሲያበራ ደስ አለኝ… ጭረቱ ከፊቴ ሲጠፋ አየሁ። ከዚያ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቆየሁበት። ትንሽ ነው። ሽታው መጣ። ሳነሳው ጥቁሩ የለም። የአውራ ጣት የሚያህል ቦታ ላይ ከሥር ያለው ግራጫ ቀለም አፍጦ ያየኛል።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩም መሰለኝ። ጭረት ይጠፋል፣ የተላጠ ቀለም በምን ይመለሳል? ኦቦ ተረፋ ማክሰኞ ይመጣሉ።

ጥር 23፣ ዓርብ

ናኦሚ ሳትነግረኝ መጣች። ሞተሩን አስነስቼ ነበር። ገና ከመግባቷ "ቅቤ ቅቤ ይሸታል" አለች። ለካ ቅቤው መጥረጊያው ሥር ባለው ክፍተት ገብቶ ኖሯል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይቀልጣል። ጎንበስ ብላ የደረቀ ሣር መዘዘች።

"ይሄ ምንድነው?"

"ነፋስ አምጥቶት ይሆናል።"

ሣሩን አየችው፣ ኮፈኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ሣሩ በቋጠሮ የታሰረ ነው። ነፋስ ቋጠሮ ያስራል እንዴ? "ቶሌ" ብላ ብቻ ሄደች። እሺ ማለቷ ነው፤ ግን እሺ አልነበረም።

እውነቱን ብነግራት እናቴን ማጋለጥ ነው። ባልነግራት ደግሞ ውሸታም ልታገባ ነው። በየትኛው ልሙት?

ጥር 25፣ እሑድ

ቸርች አልሄድኩም። የመጣው ይምጣ ብዬ ከሌንጮ የቀሩትን ሁለቱን ፖሊሾች አምጥቼ ከልሙጡ ጀመርኩ፣ ጥላ ውስጥ፣ በእጄ፣ በኦቦ ተረፋ ለስላሳ ጨርቅ። መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ። አሽቼ፣ ጠርጌ፣ በስልኬ መብራት አየሁ። ለውጥ ካለ እቀጥላለሁ። እምቢ ያለው ቦታ ላይ ብቻ መካከለኛውን፣ ከዚያ ተመልሼ ልሙጡን። ሻካራው ጨርሶ አላስፈለገም።

እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ለሰው "በትንሹ ይጀምሩ፣ ካልተሻለዎት ይጨመራል" የምል ሰው ነኝ።

ትከሻዬ ተገነጠለ። ግን እየጠራ ነው። ግራጫው ቦታ ብቻ… በዙሪያው ያለው በጠራ ቁጥር እሱ እየጎላ መጣ።

ጥር 26፣ ሰኞ

ሌንጮ "በጥቁር ቀለም ነካ ነካ እናድርገውና ዝም በል፣ ዓይናቸው ደክሟል አላልክም?" አለኝ። ብሩሹን ሁሉ ይዞ መጥቷል። እጄን ዘርግቼ ነበር። በደካማ ዓይናቸው ልነግድ? አልቻልኩም፣ መለስኩት። እምቢ ማለቴ ግን አላኮራኝም።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

መጡ። መኪናውን ጥላ ውስጥ ላቆመው እችል ነበር። ግቢያቸው መሃል፣ ፀሐይ ላይ አቆምኩት።

ዓይናቸው ደክሟል ያለው ማነው? በቀጥታ ወደ ግራጫዋ ሄዱ። ጣታቸውን አሳረፉባት። ናኦሚ በረንዳው ላይ ቆማለች።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።" ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቅቤውን፣ ጮቆርሳውን፣ ወንዙን፣ ከረጢቱን፣ ግራይንደሩን። ለናኦሚ የዋሸሁትንም።

ስለ ቀለሙ አንድ ቃል አልተናገሩም። "በማን ስም ነው የመረቀችው?" አሉ።

"አላውቅም።"

"አጠገቧ አልነበርክም?"

"ነበርኩ።"

"ምን አለች ታዲያ?"

ምን አለች? የገዛ እናቴ ፊቴ ቆማ ስትመርቅ አንድ ቃል አልሰማሁም። "ጨርቅ እየፈለግሁ ነበር" አልኩ። ስናገረው እኔኑ አሳፈረኝ።

የሰጠኋቸውን ቁልፍ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። "ሂድና ጠይቃት። እስክትጠይቃት ድረስ የቀለበት ነገር በዚህ ቤት አይነሳም።"

ናኦሚ ቀና ብላ አላየችኝም።

ጥር 29፣ ሐሙስ

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ለአንዲት ሴትዮ የሳል ሽሮፕ ሁለት ጊዜ ሰጠሁ፣ ራሷ መለሰችልኝ። አዮ የቀድሞውን የአያቶችን ነገር ጠርታ ቢሆንስ? ሄጄ ምን ብዬ ነው የማወራው?

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

አዮ ዛሬ እየሮጠች አልወጣችም። በር ላይ ቆማ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ፣ መኪናውን ከሩቅ አየችው።

"ነይ አዮ፣ ቅረቢ።"

"ይቅርብኝ ኢልማኮ። ያን ቀን ዳቦህን ረስተህ ሄድክ። ይዤልህ ወንዙ ድረስ ወረድኩ። ስትፈገፍግ አየሁህና ተመለስኩ። የሰው ንብረት መሆኑን ዘንግቼ ነው። ሁለተኛ አልነካም።"

ኢልማኮ አለችኝ፣ ልጄ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ። ምን ብላ እንደመረቀች ጠየቅኳት። ልከሳት የመጣሁ መሰላት። "ክፉ ነገር አልተናገርኩም" አለች።

"በማን ስም አዮ?"

"በዋቀዮ ነዋ። ከእግዜር ሌላ ማን አለኝ? አባት የሌለውን ልጄን አምኖ ንብረቱን የሰጠ ሰው፣ እጁ አይድረቅ፣ ደጁ አይድረቅ አልኩ። ለእሱ ነው የመረቅኩት።"

ለኦቦ ተረፋ። ለእሳቸው ነበር። እኔ የእሳቸውን ምርቃት ነው በማዳበሪያ ከረጢት ስፈገፍግ የነበርኩት።

ለመንኳት። ብዙ ለመንኳት። በመጨረሻ ገብታ ቅቤዋንና ጮቆርሳዋን ይዛ ወጣች። ኮባውን እኔ ያዝኩላት። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ጣቷ ግራጫዋ ጋ ሲደርስ ቆመች፣ "ይሄ ምን ሆነ?" አለች። "እኔ ነኝ" አልኳት። የቀረውን ቅቤ በሙሉ እዚያ ላይ ለቀለቀችው።

ነቀምቴ በጠራራ ፀሐይ ገባሁ። ቅቤው አቧራ ጠጥቶ ቀልቷል፣ ጮቆርሳው መጥረጊያው ሥር ነው። ገበያተኛው ዞር ዞር እያለ ያየኛል። ይየኝ።

ናኦሚ በሩን ከፈተች። ቅቤውን አየች፣ ከዚያ እኔን። "ነፋስ ነው እንዳትለኝ" አለች። "እናቴ ናት" አልኳት። ወጥታ አጠገቤ ቆመች።

ኦቦ ተረፋ መጡ። አዮ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። መኪናውን ዞሩት። እጃቸውን ሲያነሱ ሣሩን ሊመዙት መሰለኝ… አልነኩትም።

"እጁ አይድረቅ አለች?"

"አዎ።"

ጭንቄን ሳልችል ቀርቼ እጅጌዬን ሳብ አድርጌ ኮፈኑ ላይ ያለውን አቧራ ልጠርግ ስል እጄን ያዙኝ።

"ተው፣ በደረቁ አትንካው፣ ይጫራል" አሉኝ። "ይደርበት። ነገ ከቸርች ስንመለስ በለብታ ውሃ እናጥበዋለን።"